ማርስ ላይ ሐይቅ ነበረ፤ ሕይወትስ? የጣና ዳር ሰዎች ምን ትላላችሁ?

ደለል_አንባቢ · ሰኞ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. · ማታ 2፡10

እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖቼ። በዓሉን በሰላም እንዳሳለፋችሁ ተስፋ አለኝ።

ሌላ ፕላኔት ላይ ሕይወት አለ ወይስ የለም የሚለው ነገር ሲነሣ ወሬው ወዲያው ወደ በራሪ ሳሕን ይሄዳል። እኔ ግን ጥያቄው ለእኛ ለባሕር ዳር ሰዎች የሚቀርበን በጭቃ በኩል ነው ባይ ነኝ። ሥራዬ ከጣና ወለል ደለል እያወጡ መመርመር ስለሆነ ነገሩን የማየው ከዚያ ተነሥቼ ነው።

ማርስ ላይ ጄዜሮ የሚባል ጉድጓድ አለ። ጥንት ከሰማይ የወደቀ አለት መትቶ የከፈተው ሲሆን ከዳር እስከ ዳር 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ጣና በረጅሙ ሲለካ ከ80 ኪሎ ሜትር ስለሚያልፍ፣ ጄዜሮን አንሥተው ጣና ላይ ቢያስቀምጡት ይዋጣል። ከ3 ቢሊዮን ተኩል ዓመታት በፊት ይህ ጉድጓድ ሐይቅ ነበር። በምዕራብ በኩል ወንዝ ይገባበታል፤ ወንዙ ያመጣውን አፈር አፉ ላይ እያራገፈ፣ ግልገል አባይ ጣና ላይ እንደሚያደርገው፣ ወደ ውኃው የተዘረጋ ደለላማ መሬት ሠርቷል። ውኃው ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ ደለሉ ግን ዛሬም ከላይ በተነሣ ፎቶ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ናሳ ፐርሲቪራንስ የተባለችውን ሮቨር (ባለ ጎማ ሮቦት) እ.ኤ.አ. በ2021 እዚያ ያሳረፋት ለዚህ ነው። በጁላይ 2024 ወንዙ ይፈስበት በነበረው ሸለቆ ውስጥ «ቼያቫ ፎልስ» ከሚባል አለት ናሙና ቆፍራ ወሰደች። አለቱ ላይ መሐላቸው ፈዘዝ፣ ዙሪያቸው ጠቆር ያለ ነጠብጣቦች አሉ፤ ተመራማሪዎቹ በነብር ቆዳ ሰይመዋቸዋል። በነጠብጣቦቹ ውስጥ ቪቪያናይት የሚባል የብረትና የፎስፌት ማዕድን፣ ግሬጋይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን ምልክት ተገኘ። እዚያው አለት ውስጥ ኦርጋኒክ ካርቦንም አለ። ጥናቱ በሴፕቴምበር 2025 ታትሞ ወጣ።

ይህ ለምን ልቤን እንደነካው ላስረዳ። ቱቦውን ወደ ሐይቁ ወለል አውርደን ስናወጣው ላይኛው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቡናማ ነው፤ ከሱ በታች ያለው ይጠቁራል። ደንገል ከበሰበሰበት ዳርቻ የተወሰደ ከሆነ ደግሞ የተበላሸ እንቁላል ሽታ አለው። ያ ጥቁረትና ያ ሽታ የሕያዋን ሥራ ነው። ኦክስጅን በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን የሞተውን ሲያብላሉ፣ በኦክስጅን ፋንታ ብረትንና ሰልፌትን ይጠቀማሉ፤ ከዚህም እንደ ቪቪያናይትና ግሬጋይት ያሉ ማዕድናት ይፈጠራሉ። ማርስ ላይ የታየው የዚህ ዓይነት አሻራ ነው። ሕይወት ሳይኖር እንዲህ ያሉ ማዕድናት በሙቀት ወይም በአሲድ ኃይል ሊፈጠሩ ይችላሉ፤ ነገር ግን አለቱ ያን ያህል የሞቀ አይመስልም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ «ሕይወት አገኘን» አላሉም፤ «የሕይወት አሻራ ሊሆን የሚችል» ብለው ቆሙ።

እኔ ማርስ ላይ ረቂቅ ሕይወት ነበረ ወደሚለው አደላለሁ። እናንተስ?

---

አባይ_ማዶ · ሰኞ · ማታ 2፡48

ጋሼ ደለል፣ ጽሑፉ ደስ ይላል። ግን ሰው ለጤፍና ለዘይት በሚጨነቅበት፣ እምቦጭ ሐይቁን እየወረሰው ባለበት ጊዜ የማርስን ጭቃ ማወቅ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ልሟገት ብዬ አይደለም፤ ከልቤ ነው የምጠይቀው።

---

ደለል_አንባቢ · ሰኞ · ማታ 3፡20

ወንድሜ አባይ ማዶ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ጭንቀትህም ጭንቀቴ ነው።

እንዲህ ላስረዳህ። ጣና በአንድ ወቅት ሙሉ በሙሉ ደርቆ እንደነበር ታውቃለህ? ከሐይቁ ጥልቅ ቦታ የወጣው ደለል ከ17,000 ዓመት በፊት ገደማ ውኃ እንዳልነበረ ይመሰክራል። ሥሩ ላይ የደረቀ ጠንካራ አፈር አለ፤ ከዚያ የረግረግ ዕፅዋት ቅሪት ይመጣል፤ ከዚያ በላይ የክፍት ሐይቅ ጭቃ ይከተላል። ከ15,000 ዓመት በፊት ገደማ ሐይቁ ሞልቶ እንደገና ወደ አባይ መፍሰስ ጀመረ። ይህ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነው። የሐይቁ መድረቅ ምክንያት ዝናም አምጪው ነፋስ በዚያ ዘመን መዳከሙ ነው።

ይህን ያወቅነው ደለል በማንበብ ነው። ማርስ ላይ ያለችውም ሮቨር የምታደርገው ያንኑ ነው፤ የሚነበብበት ዘዴ፣ የሚለካው ማዕድን፣ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር የማይሞላ ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው፣ ሐይቅ እንዴት እንደሚሞትና ሲሞት በውስጡ የነበረው ሕይወት ምን እንደሚሆን ማወቁ ከእንጀራው የራቀ ጉዳይ አይመስለኝም። ማርስ ሐይቋ ደርቆባት መልሶ ያልሞላላት ፕላኔት ናት።

---

ነጭ_አሣ · ሰኞ · ማታ 3፡55

ዓሣ ጥናት ላይ ስላለሁ ከዚያ በኩል ልጨምር።

ጋሼ ደለል የጠቀሰው መድረቅ ለእኛ ሙያ ትልቅ ነገር ነው። ጣና ውስጥ ላቤኦባርበስ የሚባለው ወገን 15 ገደማ ዝርያዎች አሉት፤ ገበያ ላይ ነጭ አሣ የምንላቸው ማለት ነው። አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም የትም አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለ ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ስለሚከለክል ሐይቁ ለብቻው ተዘግቶ ኖሯል። ሐይቁ ደርቆ ከነበረ እነዚህ ሁሉ ዝርያዎች የተለያዩት ውኃው ከተመለሰ ወዲህ፣ በ15,000 ዓመት ገደማ ውስጥ ነው ማለት ነው። አንዱ ሌላ ዓሣ አዳኝ ሆነ፣ አንዱ ከውኃው ላይ ጥቃቅን ነፍሳት ለቃሚ፣ አንዱ ወለል ፈታሽ። የሚገርመው የዚህ ቤተሰብ ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ያለ መንጋጋ ጥርስ አዳኝ ሆነ። በእጃችሁ ይዛችሁ አፉን ከፍታችሁ ብታዩት ታምናላችሁ፤ መፍጫው ከጉሮሮው ዘንድ ነው።

ይህን ያነሣሁት ሁለት የሚምታቱ ጥያቄዎችን ለመለየት ነው። ሕይወት አንዴ ካለ ቦታ ሲያገኝ እንደ ልቡ ይባዛል፣ ይለያያል፤ ይህን ጣና አሳይቶናል። ከሕይወት አልባ ነገር ሕይወት የሚነሣው በቀላሉ ነው ወይስ በብርቅ አጋጣሚ? ለሚለው ግን የጣና ዓሣ መልስ የለውም። በእጃችን ያለው ምሳሌ አንድ ብቻ ነው፤ ምድር።

ከምድር የምናውቀውም ይህን ነው። ምድር 4.5 ቢሊዮን ዓመቷ ነው። ረቂቅ ሕይወት ትቶት የሄደው አሻራ በ3.5 ቢሊዮን ዓመት አለት ላይ፣ አውስትራሊያ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ፈጥኖ ነው የተነሣው። ከዚያ በኋላ ግን እንስሳ እስኪመጣ ከ2 ቢሊዮን ተኩል ዓመት በላይ ፈጅቷል። የእኔ ግምት ከዚህ ይነሣል፦ ረቂቅ ሕይወት በብዙ ቦታ ይኖር ይሆናል፤ እንደ ዓሣ ያለ ግን ብርቅ ነው፤ እንደ ሰው ያለ ደግሞ የብርቅ ብርቅ።

---

ጎርጎራ_ወደብ · ማክሰኞ ጥር 5 · ጠዋት 1፡30

ስለ ሰማይ ካነሣችሁ አንድ ነገር ልጠይቅ። ከጥቂት ወራት በፊት ወደ ማታ፣ ከሐይቁ በላይ በአንድ መስመር የተሰለፉ መብራቶች ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ዝም ብለው ሲሄዱ አየን። አውሮፕላን አይደለም፤ ድምፅ የለውም፤ ሀያ ይሁን ሠላሳ እንጃ። የሠፈሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ አይቶታል፤ እናቴ አማተበች። ምንድን ነው እሱ?

---

ከዋክብት_ቆጣሪ · ማክሰኞ · ጠዋት 2፡15

ወንድሜ፣ ያያችሁት ስታርሊንክ የሚባሉትን ሳተላይቶች ነው ብል አልሳሳትም። ኢንተርኔት ለማሠራጨት ብዙዎቹ በአንድ ሮኬት ይላካሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የመጀመሪያው ትልቅ ዙር 60 ነበር። ከሮኬቱ እንደወጡ ለጥቂት ቀናት ተከታትለው ነው የሚሄዱት፤ ኋላ ይበታተናሉ። ፀሐይ ከጠለቀች ወይም ሊነጋጋ ሲል ብቻ ይታያሉ፤ እኛ ጨለማ ውስጥ ሆነን እነሱ ከፍ ብለው ገና ፀሐይ ስለሚያገኛቸው ነው። ለእናትዎ ይንገሩልኝ፣ ሰው የሠራው ነው፤ አያስፈራም።

---

ቀጥተኛው_መንገድ · ማክሰኞ · ረፋድ 4፡05

እነዚህ ሁሉ አጋንንት ናቸው። ሌላ ፕላኔት ላይ ፍጡር አለ ማለት ሃይማኖትን መካድ ነው። ዝም ብላችሁ ሕዝብ አታሳስቱ።

---

ቅኔ_ቤት · ማክሰኞ · ቀን 7፡20

ወንድሜ ቀጥተኛው መንገድ፣ በአክብሮት ልመልስልህ። እኔ ያደግሁት በአብነት ትምህርት ነው፤ ዲቁና አለኝ። መምህራኖቼ ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩኝ አበቅቴውን፣ መጥቅዑን፣ የፀሐይና የጨረቃን ዑደት በጣቴ እያስቆጠሩ ነው። አባቶቻችን ሰማይን ሲቆጥሩ ከሃይማኖት አልወጡም፤ እንዲያውም በዓሉን የሚያወጡት በዚያው ቁጥር ነው። ፈጣሪ ከምድር በቀር ሌላ ቦታ ሕይወት አልሰጠም የሚል ቃል እኔ አልተማርሁም። ሰጥቷልም የሚል እንዲሁ። ከተገኘ ሥራው ይበዛልናል፤ ካልተገኘ ምድርን አብልጠን እንጠብቃለን። ማርስ ላይ የነበረ ረቂቅ ተሕዋስ ሃይማኖቴን አይነቀንቀውም።

---

አወያይ · ማክሰኞ · ቀን 7፡45

ውይይቱ በመከባበር ይቀጥል። ማንንም «ካጅ» ብሎ መጥራት አይፈቀድም። እናመሰግናለን።

---

ከሩቅ_አገር · ማክሰኞ · ማታ 1፡00

ሰላም ለሁላችሁ። ሽምብጥ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ አሁን ውጭ ነኝ። ባለፈው ዓመት በሁሉም ዜና ላይ «ሕይወት ያለበት ፕላኔት ተገኘ» ሲሉ ነበር፤ ኬቱ-18ቢ የሚሉት። ያ ነገር የት ደረሰ?

---

ከዋክብት_ቆጣሪ · ማክሰኞ · ማታ 2፡30

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የዚያ ዜና ነገር እንዲያ ነው።

ኬቱ-18ቢ ከእኛ በ124 የብርሃን ዓመት (አንዱ ብርሃን በዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) ላይ ያለች፣ ክብደቷ ከምድር ከ8 እጥፍ በላይ የሆነ ፕላኔት ናት። በኮከቧ ፊት ስታልፍ የኮከቡ ብርሃን በከባቢ አየሯ ውስጥ ሾልኮ ይመጣል፤ ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ያን ብርሃን በትኖ የትኛው ቀለም እንደጎደለ ያያል፤ ከጎደለው ቀለም የትኛው ጋዝ እንዳለ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳላት ታየ። በኤፕሪል 2025 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ዳይሜቲል ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ምልክት አየን አሉ። ይህ ጋዝ ምድር ላይ በብዛት የሚመጣው ከባሕር ጥቃቅን ዕፅዋት ስለሆነ ነው ዓለም የጮኸው።

ችግሩ ሁለት ነው። መጀመሪያ፣ ምልክቱ ደካማ ነው፤ ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ለ«ግኝት» ከሚጠየቀው ደረጃ በታች እንደሆነ ተናግረዋል። ሌሎች ያንኑ መረጃ ወስደው ሲያሰሉት ጋዙ አለ የሚያሰኝ በቂ ነገር አላገኙም። ሁለተኛ፣ ይኸው ጋዝ ሕይወት በሌለበት ጅራታም ኮከብ ላይም ተገኝቷል። ጋዙ ቢረጋገጥ እንኳ ሕይወት አለ ለማለት አይበቃም።

ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ፀሐይን በመሰለ ኮከብ ዙሪያ የመጀመሪያው ፕላኔት ሲገኝ ሁሉም ተደነቀ፤ ዛሬ የተረጋገጡት ከ6,000 በላይ ናቸው። በ30 ዓመት ውስጥ ፕላኔት አለ ወይ ከሚለው ተነሥተን አየሯን ወደ ማሽተት ደርሰናል።

---

ዘጌ_ቡና · ማክሰኞ · ማታ 2፡52

ስለ ሩቅ ፕላኔቶች ካወራን የራሳችንን አትርሱ እንጂ! «ቡና» የሚባል ኮከብ፣ «አቦል» የሚባል ፕላኔት አለን። እኔ የዘጌ ቡና ልጅ ስለሆንኩ ይህን ስሰማ እንባዬ ነው የመጣው። ግን ማንም ሲያወራው አልሰማም። አቦል ላይ ሕይወት ሊኖር ይችላል?

---

ከዋክብት_ቆጣሪ · ማክሰኞ · ማታ 3፡25

እህቴ (ወይም ወንድሜ) ዘጌ፣ ስላነሣሽው ደስ ብሎኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ለስያሜ ሰጠ፤ የኢትዮጵያ ድርሻ ይህ ሆነ። ወደፊት በዚያው ኮከብ ዙሪያ ሌላ ፕላኔት ቢገኝ ቶና እና በረካ ስም ሆነው ይጠብቃሉ ብዬ ሁልጊዜ አስባለሁ።

አቦል ላይ ግን መቆሚያ መሬት የለም። ክብደቱ ከጁፒተር 4 እጥፍ የሚበልጥ የጋዝ ግዙፍ ነው። አንድ ዓመቱ የእኛን 2 ዓመት ከመንፈቅ ያልፋል፤ ምሕዋሩም በጣም የተለጠጠ ስለሆነ አንዴ ወደ ኮከቡ ይጠጋል፣ አንዴ ይርቃል። ጨረቃዎች ካሉት እነሱ ላይ ምን እንዳለ እስካሁን የሚያይ መሣሪያ የለንም።

ቡና ግን ይታያል። በዚህ ሰሞን ማታ 2 ሰዓት ላይ ወደ ሰሜን ዙሩና ቀና በሉ፤ አንድሮሜዳ ከሚባለው የከዋክብት ስብስብ ዳር፣ ፐርሲየስ በሚጀምርበት አጠገብ ነው። በባዶ ዓይን ትንሽ ያንሰዋል፤ ባይናኩላር ያለው ያገኘዋል። ርቀቱ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ስለሆነ ዛሬ ማታ ዓይናችሁ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ጉዞ የጀመረው በዘመነ መሳፍንት፣ ጎንደር ላይ ነገሥታቱ በስም ብቻ በነበሩበት ጊዜ ነው።

---

ዘጌ_ቡና · ማክሰኞ · ማታ 3፡31

እህት ነኝ። ዛሬውኑ ወጥቼ አያለሁ። አመሰግናለሁ።

---

የጨው_ሜዳ · ረቡዕ ጥር 6 · ማታ 1፡40

የጂኦሎጂ ተማሪ ነኝ። እስካሁን ማንም ያላነሣውን ላንሣ፤ ዳሎልን።

«ውኃ ካለ ሕይወት አለ» የሚለውን አባባል ሁላችንም ለምደነዋል። አፋር ውስጥ ያለው ዳሎል ግን ይህን ይፈትነዋል። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ከመሬት ፈልቶ የሚወጣው ውኃ 100 ዲግሪ ይደርሳል፣ ጨውነቱ ከባሕር ብዙ እጥፍ ነው፣ አሲድነቱ ደግሞ ከባትሪ አሲድ የሚወዳደር ነው። ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ ቀይ ቡኒው ሕይወት ያለበት ያስመስለዋል፤ ግን የብረትና የድኝ ቀለም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት ቡድኖች ውጤት አወጡ። አንደኛው በጨው ግግሩ ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ተሕዋስያን አገኘሁ አለ። ሌላኛው ደግሞ ብዙ ናሙና ወስዶ በብዙ ዘዴ ፈትሾ፣ በዙሪያው ባሉ ጨዋማ ቦታዎች ልዩ ልዩ ተሕዋስያን ቢኖሩም እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ግን ሕይወት የለም አለ። ምድር ላይ፣ ሕይወት በነፋስና በጎብኚ እግር ሁሉ በሚገባበት ቦታ፣ ውኃ እያለ ሕይወት የሌለበት ኩሬ አለ ማለት ነው።

ለጋሼ ደለል ማርስ ደግሞ የበለጠ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ሁለተኛው ቡድን ከኩሬው ውስጥ ሴል የሚመስሉ፣ ክብ ክብ የሆኑ ጥቃቅን ነገሮች በማይክሮስኮፕ አየ። ፈትሾ ሲያይ ሲሊካ (የአሸዋ ማዕድን) የበዛባቸው የማዕድን እንክብሎች ሆነው ተገኙ። እዚህ ቤታችን፣ እጃችን ባለበት ቦታ እንዲህ የሚያሳስት ነገር ካለ፣ በሚሊዮን ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ያለን ነጠብጣብ አይተን መፍረድ እንዴት ይቻላል? ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል፤ «የሕይወት አሻራ» የምትለዋን ቃል ቀስ ብለን ብንይዛት ይሻላል።

---

ደለል_አንባቢ · ረቡዕ · ማታ 2፡35

የጨው ሜዳ፣ ነጥብህ የዚህ ሁሉ ውይይት ቁልፍ ነው። ሮቨሯ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ማዕድኑን ለይተው ያሳዩናል፤ ማዕድኑን ማን እንደሠራው ግን አይነግሩንም። ያን ለማወቅ ናሙናው ወደ ምድር መምጣት አለበት። እኛ እንኳ የጣናን ጭቃ ጀልባ ላይ አይተን አንፈርድም፤ ቱቦውን አሽገን፣ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠን፣ ለሁለት ሰንጥቀን፣ በየሴንቲ ሜትሩ ቀንሰን ቤተ ሙከራ እናስገባለን። የአንዱ ንጥረ ነገር አይሶቶፕ (በክብደት የሚለያዩ የዚያው ንጥረ ነገር አቶሞች) ብቻ ስንት ሥራ አለው።

የሚያሳዝነው የፐርሲቪራንስ ናሙናዎች በቱቦ ታሽገው ማርስ ላይ መቀመጣቸው ነው። የማምጣቱ ዕቅድ ወጪው እስከ 11 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ፣ ጊዜውም እስከ 2040 እ.ኤ.አ. ሊዘገይ እንደሚችል ከተነገረ ወዲህ ተንገዳግዷል። ቻይናም በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2028 ገደማ ቲያንዌን-3 የሚባል ናሙና የሚያመጣ መንኮራኩር ለመላክ አቅዳለች፤ የሚያርፈው ግን ጄዜሮ ላይ አይደለም። እውነቱን ልናገር፣ ይህ ያንገበግበኛል። በሰው ልጅ ታሪክ «ብቻችንን ነን ወይ» ለሚለው መልስ ሊሆን የሚችል ነገር ተቆፍሮ፣ ታሽጎ፣ ተዘጋጅቶ፣ የሚያመጣው አጥቶ ተቀምጧል።

---

አባይ_ማዶ · ረቡዕ · ማታ 2፡50

11 ቢሊዮን ዶላር! አሁንም ጥያቄዬ አለ፤ ግን የጣና መድረቅ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። ስለሱ ብቻ ሌላ ክር ክፈትልን፣ ጋሼ።

---

ከሩቅ_አገር · ረቡዕ · ማታ 4፡10

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እኔን ግን ይናፍቀኛል። ይህን ያህል ኮከብ፣ ይህን ያህል ፕላኔት ካለ ለምን አንድም ድምፅ አልሰማንም?

---

ነጭ_አሣ · ረቡዕ · ማታ 4፡40

የእኔን ግምት ከላይ ተናግሬያለሁ፤ ብዙው ቦታ ያለው ሕይወት ድምፅ የማያወጣ ነው ብዬ አምናለሁ። ጭቃ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ሬዲዮ አይሠራም።

---

ከዋክብት_ቆጣሪ · ረቡዕ · ማታ 4፡58

ርቀቱንም አስቡት። የእኛ ሬዲዮ ወደ ሰማይ መውጣት ከጀመረ 100 ዓመት ገደማ ነው፤ ስለዚህ እስካሁን የደረሰው 100 የብርሃን ዓመት ያህል ነው፤ «ቡና» ዘንድ እንኳ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ጋላክሲያችን ዳር እስከ ዳር 100,000 የብርሃን ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ከአሬሲቦ ቴሌስኮፕ ሆን ተብሎ የተላከው መልእክት የታለመበት የከዋክብት ክምችት ዘንድ የሚደርሰው ከ20,000 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ዝምታውን «የለም» ብሎ መተርጎም ገና አይቻልም።

---

የሕሊና_እናት · ሐሙስ ጥር 7 · ማታ 12፡50

ሁላችሁንም እያነበብኩ ነው። ስምንት ዓመት የሆናት ልጅ አለችኝ፤ ሳነብ አብራ ትሰማለች። ለእሷ የሚሆን፣ ያለ ትልቅ መሣሪያ የሚታይ ነገር አለ? ማርስን ላሳያት ፈልጌ ነበር።

---

ከዋክብት_ቆጣሪ · ሐሙስ · ማታ 1፡35

እህቴ፣ ማርስ ሰሞኑን ከፀሐይ ጀርባ ስለሆነች አትታይም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሮቨሮቹም ከምድር ትእዛዝ ሳይላክላቸው ለሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያሉ።

ግን ጊዜው ለሌላ ነገር ተመችቷችኋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ከምሥራቅ የሚወጣው፣ ከከዋክብት ሁሉ የደመቀውና የማይርገበገበው ጁፒተር ነው። ጥር 2 ቀን ከፀሐይ ትይዩ ስለነበረ ዓመቱን ሙሉ ከዚህ የበለጠ አይደምቅም። ባይናኩላር ከተገኘ ግድግዳ ወይም በር ላይ አስደግፉት፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ አይታይም። ከጁፒተር ግራና ቀኝ በአንድ መስመር የተሰለፉ እስከ አራት የሚደርሱ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ጋሊሊዮ በጃንዋሪ 1610 ያያቸው ጨረቃዎች ናቸው።

ከአራቱ አንዷ ዩሮፓ ናት። በበረዶ ቅርፊት ተሸፍና፣ ከበረዶው በታች በምድር ካሉት ውቅያኖሶች ሁሉ ድምር እጥፍ የሚሆን ውኃ እንዳላት ይታመናል። ጁፒተር በስበቱ እየጨመቀና እየለቀቀ ስለሚያሞቃት ነው ውኃው ያልረጋው። ዩሮፓ ክሊፐር የተባለች መንኮራኩር በኦክቶበር 2024 ተነሥታ አሁን መንገድ ላይ ናት፤ በኤፕሪል 2030 ትደርሳለች። ያኔ ሕሊና አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ ውጤቱን ራሷ ታነብባለች።

እሑድ ከተራ ጨረቃ ስለማትኖር ሰማዩ ጥሩ ጨለማ ይሆናል። በማታ ርቆ መሄድ ስለማይመች ከግቢያችሁ ሆናችሁ እዩ፤ የደጅ አምፖሉን አጥፉት።

---

የሕሊና_እናት · ዓርብ ጥር 8 · ጠዋት 1፡15

ባይናኩላር ከጎረቤት ተውሰን ትናንት ማታ አየን። ነጠብጣቦቹን ራሷ ናት ያገኘቻቸው፤ እኔ ብዙ ፈልጌ ነበር። አሁን ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት «ዩሮፓ የትኛዋ ናት? ጠይቂልኝ» ብላ ስትነዘንዘኝ ነው።

---

ከዋክብት_ቆጣሪ · ዓርብ · ጠዋት 2፡00

ለሕሊና፦ በአንድ ማታ አይለይም፤ ስለዚህ በየማታው በተመሳሳይ ሰዓት ወረቀት ላይ ሣዪያቸው። መሐል ላይ ለጁፒተር ትልቅ ክብ አድርጊ፤ ነጠብጣቦቹን ባየሻቸው ርቀት አስቀምጪ፤ ቀኑን ጻፊ። አዮ የምትባለው በጣም ስለምትቸኩል በ1.8 ቀን አንድ ዙር ትጨርሳለች፤ ጁፒተርም አጠገብ ስለሆነች አንዳንዴ ትጠፋለች። ዩሮፓ 3 ቀን ከመንፈቅ ይፈጅባታል፤ ስለዚህ ዛሬ ያለችበት ቦታ ልክ በሳምንቱ ትመለሳለች። ጋኒሜድም በሳምንት ስለሚመለስ እንዳታምታቺው፤ እሱ ከዩሮፓ ራቅ ብሎ ይሄዳል፣ የበለጠም ይደምቃል። ካሊስቶ ከሁሉ የራቀ ነው፤ 17 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ሥዕሎቹ ሲሞሉ እማማ ፎቶ አንሥታ እዚህ ትለጥፍልን፤ አብረን እንለያቸዋለን።